የፒያስኪ ውሃ

«ሁለት ክንድ» አለች ሳሎሜያ ረጅሙን ዘንግ ከውሃው ስባ እያወጣች። «አሁንም ሁለት ክንድ። ክንድ ተኩል። ኢግናጺ፣ ወደ ግራ በላት፣ ወደ ግራ።»

ባሏ ከጀልባዋ ጭራ ላይ ሆኖ በመሪው መቅዘፊያ ላይ ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ጭነት የከበዳት ሰፊዋ ጀልባ እንደ ደከመ በሬ ዝግ ብላ አፍንጫዋን አዞረች።

ሳሎሜያ ቪስዋ ወንዝ እንደዚያ ጎድሎ አይታው አታውቅም። እሷ ደግሞ ወንዙ ላይ ተወልዳ ወንዙ ላይ የተዳረች ሴት ናት፤ ባሕርዩን ከባሏ ባሕርይ አስበልጣ ታውቃለች። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል። በየመታጠፊያው ነጭ የአሸዋ ጀርባ ከውሃው ብቅ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሽመላዎች ከወንዙ መሀል ቆመው ጉልበታቸው እንኳ አይርስም።

ከክራኮቭ ሲነሱ ከፊት የምትጎትታቸው የእንፋሎት ጀልባ ነበረቻቸው። መንገድ ላይ አንድ የመሐንዲስ ጦር መቶ አለቃ ከዳር ሆኖ አስቆማቸውና «ለድልድይ ሥራ ትፈለጋለች» ብሎ ወሰዳት። ሁለቱ ቀዛፊዎቻቸውም የክተት ጥሪ ደርሷቸው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወረዱ። ጀርመኖች ድንበር ላይ ታንክ ደርድረዋል ይባላል፤ ዛሬ ይግቡ ነገ ማንም አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ጀልባዋን ውሃው ብቻ ነው የሚወስዳት። በላይዋ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ኢግናጺ፣ ሳሎሜያና ከጭነቱ ጋር የመጣው አቶ ዜኖን ስታርዛ።

ስታርዛ መነጽር ያደረገ፣ ትከሻው የጎበጠ የከተማ ሰው ነው። ከሳጥኖቹ አጠገብ አይለይም። የሚበላው እዚያ፣ የሚተኛው እዚያ፤ ሲተኛም ጀርባውን ከሁሉ ረጅም ለሆነው ሳጥን ሰጥቶ፣ አንድ እጁን ጣውላው ላይ አሳርፎ ነው። ሳጥኖቹ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ጀልባዋን ሞልተዋታል። አንዳንዱ የሁለት ሰው ሬሳ ሳጥን ያህላል። ምንም ጽሑፍ የለባቸውም።

«የቤተክርስቲያን ዕቃ ነው» ብሏት ነበር ኢግናጺ ሲነሱ። «ሳንዶሚየዥ ከተማ አድርሰን እንመለሳለን። አትጠይቂኝ፣ እኔም አልጠየቅኩም።»

ሳሎሜያ አላመነችም። የቤተክርስቲያን ዕቃ ብዙ ጊዜ ጭና ታውቃለች፤ መቅረዝ ነው፣ ወንበር ነው፣ ደወል ነው። ይህን ያህል ርዝመት ያለው የቤተክርስቲያን ዕቃ አይታ አታውቅም። በልቧ «መድፍ ነው» ብላ ደምድማለች። መድፍ ላይ መተኛት ደግሞ እንቅልፍ አይሰጥም።

ዋናው የወንዙ መስመር በአሸዋ ተዘግቶ ስላገኙት ኢግናጺ ከግራው ዳር ጋር የሚሄደውን ጠባብ ቅርንጫፍ መረጠ። ከዳሩ በላይ የፒያስኪ መንደር የሣር ክዳን ጣሪያዎች ይታያሉ። ከመንደሩ የሚወርድ አንድ ትንሽ ጅረት እዚያው ቅርንጫፉ ውስጥ ይገባል፤ ማለት በደህናው ጊዜ ይገባ ነበር፣ ያን ቀን ግን በድንጋይ መሀል የምትንጠባጠብ ነገር ብቻ ነበረች።

«ክንድ» አለች ሳሎሜያ። «ኢግናጺ፣ ግማሽ ክንድ።»

ከስር የሚፈጭ ድምፅ መጣ። ጀልባዋ ቀስ አለች፣ ትንሽ ቀና አለች፣ ከዚያ ቆመች።

«ወደ ግራ አልሽኝ፣ ወደ ግራ ሄድኩ» አለ ኢግናጺ ላቡን እየጠረገ።

«ወደ ግራ አልኩህ እንጂ ወደ እርሻው መቼ አልኩህ?»

ረፋዱን በሙሉ ታገሉ። በዘንግ ገፉ። ኢግናጺ በዚያ በሚያነክስ እግሩ ውሃ ውስጥ ገብቶ አሸዋውን በአካፋ ዛቀ፤ የዛቀው ጉድጓድ ወዲያው መልሶ ይሞላል። ስታርዛ የከተማ ጫማውን እንዳደረገ ውሃ ውስጥ ዘሎ ወርዶ በትከሻው ገፋ። ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም። እንዲያውም ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ጎኗ ላይ ያለው እርጥብ መስመር እየደረቀ መጣ።

የመንደሩ ሰዎች ዳር ላይ መሰብሰብ የጀመሩት ያኔ ነው። ሽማግሌዎችና ሴቶች ናቸው፤ ጎልማሳ ወንድ የለም። ከፊት የቆመው ባልታዛር የሚባለው ጭቃ ሹም ነው፤ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የሳበ።

«ጀልባችሁን ሣር ልታስግጧት ነው ያመጣችኋት?» አለ።

ሳቁ። ኢግናጺም ሳቀ፤ መሳቅ እንዳለበት ያውቃል።

«አጎቴ፣ ፈረስ አይጠፋችሁም መቼም። አራት ፈረስ ቢገኝ…»

«ፈረስ?» አለ ባልታዛር። «ፈረሱን ጦሩ ባለፈው ሳምንት ወሰደው። ልጆቻችንንም ከፈረሱ ጋር ወሰደ። አንተን ግን እንዴት አድርገው ነው የረሱህ?»

ኢግናጺ ሱሪውን ሰብስቦ የጠመመ እግሩን አሳየው። ባልታዛር አየና ድምፁን ትንሽ አበረደ።

«ምን ጭናችኋል?»

ስታርዛ ከሳጥኖቹ ፊት ቆመ። «ጌታዬ፣ መናገር አልችልም። ግን በጣም አስፈላጊ ነገር ነው። እባካችሁ እርዱን።»

«ገባኝ» አለ ባልታዛር ወደ ሰዎቹ እየዞረ። «የክራኮቭ ጌቶች ቁም ሳጥን ነው። ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸሸው ቁም ሳጥን ነው፣ ቀጥሎ ጌቶቹ፣ እኛ ደግሞ በስተመጨረሻ፣ ያውም ከተረፍን። የእኔ ልጅ ከነቦት ጫማው ድንበር ላይ ተኝቶ እኔ የሰው ቁም ሳጥን ልጎትት?»

ሰዎቹ አጉረመረሙ። አንዳንዶቹ ወደ መንደሩ መመለስ ጀመሩ።

ከሴቶቹ መሀል አንዲት አጭር አሮጊት ግን ቀረብ ብላ ሳሎሜያን አየቻት። ኮንስታንጺያ ትባላለች፤ የወፍጮው ባለቤት መበለት ናት። በመሐረቧ ጥምጣም ዙሪያ የዓመታት ዱቄት ተቀምጦ ጨርቁ ራሱ ግራጫ ሆኗል።

«አንቺ ልጄ፣ ምንድን ነው ሳጥኑ ውስጥ ያለው?»

«አላውቅም እናቴ።»

«የማታውቂውን ነገር ነው ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክመሽ የመጣሽው?»

ሴትዮዋ ክፉ ልትናገራት ብላ አልነበረም፤ ገርሟት ነው። ነገሩ ግን ሳሎሜያን ውስጧ ድረስ ነካት። ወደ ጀልባዋ ወጣች፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ የምስማር መንቀያውን ብረት አነሳች፣ ሸራውን ገለጠች።

ስታርዛ ከመሀል ገባ። «እመቤቴ፣ እባክዎ። ላለመክፈት ቃል ገብቻለሁ።»

«እርስዎ ገብተዋል። እኔ ግን አልገባሁም። ሳጥኑ እዚህ አሸዋ ላይ ቢቀር ጀርመን መጥቶ የሚከፍተው በኔ ብረት አይደለም፤ በመጥረቢያ ነው። ወይ እነዚህ ሰዎች ይዩ፣ ወይ እዚሁ እንቅር።»

ስታርዛ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። «ይሄኛውን» አለ በዝግታ ከጫፍ ያለውን ሳጥን እያመለከታት። «ከላይ በኩል። ቀስ ብለው።»

ምስማሮቹ እየጮሁ ወጡ። የመጀመሪያው ጣውላ ተነሳ። ገለባ ነበር። ሳሎሜያ እጇን ከታ ገለባውን ገፋ ስታደርገው እጇ ሌላ እጅ ነካ።

የራሷን እጅ መንጭቃ ሳበች። ሬሳ መሰላት።

ገለባው ራሱ ተንሸራቶ ሲወርድ ግን አየችው። የሽማግሌ እጅ ነው፤ ከሰው እጅ የበለጠ ትልቅ። በጀርባው ላይ ደም ሥሮቹ ተጋድመዋል፤ ወፈር ያሉ፣ እዚህም እዚያም የተቋጠሩ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ የለፋ ሰው ደም ሥሮች። የጣቶቹ መጋጠሚያ አብጧል። የአውራ ጣቱ ጥፍር ወፍራምና ጠርዙ የተሸረፈ ነው። ሳሎሜያ ሁለተኛውን ጣውላ አነሳች። ሦስተኛውን። ፊቱ ወጣ።

ግንባሩ ላይ መስመሮች አሉ። ጉንጩ ጎድጉዷል። ጢሙ እንደ ወንዝ ማዕበል እየተጠቀለለ ደረቱ ላይ ይወርዳል። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፤ ከውስጥ ጥርሶቹ ይታያሉ። ዓይኖቹ ከሳሎሜያ በላይ የሆነ ነገር ያያሉ። ካባው ወርቅ ነው። ቀጥሎ የሆነውን ሳሎሜያ ከዚያ በኋላ ለማንም በደንብ አስረድታ አታውቅም፤ ፀሐይ ወርቁ ላይ ስታርፍ ብርሃኑ ተነስቶ በወንዙ ላይ ወደቀ፣ ከዚያም ዳር የቆሙት ሰዎች ፊት ላይ። የባልታዛር ጢም ወርቅ ሆነ። የአሮጊቶቹ ፊት ወርቅ ሆነ።

ማንም አልጠራቸውም። ወደ መንደሩ የተመለሱትም ጭምር እየመጡ ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከጀልባዋ ጎን ሲደርሱ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሙ።

«ይሄ ሰው ነው?» አለ አንዱ ሽማግሌ በመጨረሻ።

«እንጨት ነው» አለ ስታርዛ። «የሊፓ ዛፍ። ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነው የተቀረጸው። በክራኮቭ በትልቁ የማርያም ቤተክርስቲያን መሠዊያ ላይ ቆሞ የኖረ ነው። በነዚህ ሁሉ ሳጥኖች ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው። ሐዋርያቱ፣ መላእክቱ፣ ሁሉም። እኔ የማክመው፣ ምስጥ የበላውን የምጠግን ሰው ነኝ። ጀርመኖች ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት ይህን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው የምናሸሸው።»

ባልታዛር እጁን ዘርግቶ ከእንጨቱ እጅ አጠገብ አኖረው። ሳይነካው። ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ያው የተቋጠረ ደም ሥር፣ ያው ያበጠ መጋጠሚያ። አንዴ የራሱን አየ፣ አንዴ ያንን።

«የአባቴ እጅ ነው» አለ። ከዚያ ስታርዛን ቀና ብሎ አየው። «ጌታዬ፣ ስለ ቁም ሳጥኑ የተናገርኩትን ይርሱልኝ።»

ኮንስታንጺያ ከሁሉም በፊት ቀርባ የእንጨቱን ፊት ታያለች። «ለምንድን ነው አፉን የከፈተው?»

«እመቤታችን ስታርፍ ከአጠገቧ የነበረ ነው። እየዘመረ ነው የሚሉ አሉ፤ እየጸለየ ነው የሚሉም አሉ።»

«ባሌ የሞተ ዕለት ወንድሙ እንዲህ ሆኖ ነበር» አለች ሴትዮዋ ለራሷ ያህል። «ሊጮህ አፉን ከፍቶ ድምፁ እምቢ ሲለው።» ከዚያ «እመቤታችንስ?» አለች።

ስታርዛ ወደ ረጅሙ ሳጥን፣ ሌሊት ሌሊት ጀርባውን ወደሚሰጠው ሳጥን ሄዶ እጁን አኖረበት። «እዚህ ናት።»

ባልታዛር ከሳሎሜያ እጅ ብረቱን ሊቀበል ሲል አሮጊቷ ክንዱን ያዘችው።

«ተዋት። የፍልሰታ በዓሏን ካከበርን ሁለት ሳምንት እንኳ አልሆነንም። እንዲህ ፀሐይና ዝንብ መሀል አንገልጣትም።» በውሃው ውስጥ እየተራመደች ሄደች፣ መዳፏን በተዘጋው ጣውላ ላይ አሳረፈችና እንደዚያው ቆየች። ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ እንዲሁ አደረጉ። ሳሎሜያም አደረገች። ይህን ሁሉ መንገድ ምስር ስትለቅምበት፣ እርጥብ ልብስ ስታሰጣበት የመጣችው ሳጥን ነው። አሁን ጣውላው ከመዳፏ ስር የሞቀ መሰላት። ፀሐይ ነው ያሞቀው፤ ይህን ታውቃለች። እጇን ግን ቶሎ ማንሳት አልቻለችም።

ኮንስታንጺያ ዞር ብላ ጭቃ ሹሙን «ውሃውን እንልቀቀው» አለችው።

«የቱን ውሃ?»

«የወፍጮውን ነዋ። ሌላ ምን ውሃ አለን?»

ባልታዛር ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨመቀው። ከመንደሩ በላይ ወፍጮውን የሚያዞረው ውሃ የሚጠራቀምበት ግድብ አለ። ከፀደይ ጀምሮ ያቺኑ ትንሽ ጅረት ጠብታ በጠብታ አጠራቅመው የሞሉት ነው። አጃው ታጭዷል፣ ጎተራ ገብቷል፤ ውሃው ለመላው መንደር የሚበቃ እስኪሆን ተብሎ እስካሁን አንድ ጆንያ አልተፈጨም። ወረፋው የሚጀመረው በሚመጣው ሰኞ ነበር።

«ኮንስታንጺያ፣ ያ ውሃ የክረምት እንጀራችን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዝናብ የለም። ጦርነት እየመጣ ነው። ሌላ ወፍጮ ፍለጋ የሚሄድ ፈረስ የለንም። ታዲያ ምን ልንበላ ነው?»

«በእጅ ወፍጮ እንፈጫለን። እናቴ እንደዚያ እየፈጨች ነው ያሳደገችኝ። ክንድ ያማል እንጂ ይበላል።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ግድቡ የኔ ነው፣ እህሉ ግን የሁላችሁም ነው። ልቀቂው ካላችሁ እለቀዋለሁ፤ አይሆንም ካላችሁ አልለቅም።»

ከታች የአንዲት ወጣት ሴት ሕፃን ማልቀስ ጀመረና እናቱ ጡት አጎረሰችው። ባልታዛር ወደ እንጨቱ ፊት ቀና አለ። ያ ፊት እሱን አያይም፤ ከእሱ በላይ የሆነ ነገር ያያል።

«በሬዎቹን አምጡ» አለ ባልታዛር። «ገመድ ያለው ገመድ፣ አካፋ ያለው አካፋ።»

ሰዎቹ እንደ ተፈታ ነዶ ተበተኑ። ሳሎሜያ ወደ ወፍጮው መንገድ የጀመረችውን ኮንስታንጺያን ሮጣ ደረሰችባት።

«እናቴ፣ እኔ ሳጥኑን የከፈትኩት ይህን አስቤ አይደለም።»

«ታዲያ ምን አስበሽ ነው?»

«እንድታምኑን ብዬ።»

«አመንናችሁ እኮ። አሁን ሂጂና ገመዱን ያዢ።»

ጦሩ ያልፈለጋቸው ሁለት ያረጁ በሬዎች መጡ፤ ሦስት ላሞችም ከነሱ ጋር ተጠመዱ። ገመድ የሌላቸው ሴቶች የልብስ ማስጫቸውን ሦስት አራት አድርገው ገምደው አመጡ። ሽማግሌዎቹ ከጀልባዋ ስር አሸዋ ይዝቃሉ። ስታርዛ ጣውላዎቹን ለጊዜው መልሶ ካሳረፈ በኋላ መነጽሩን ኪሱ ከቶ ከሴቶቹ ጋር ገመድ ላይ ተሰለፈ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጅረቱ እያዩ ጠበቁ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ በቅጠል መሀል እንደሚያልፍ ነፋስ ያለ። በጅረቱ ዳር ያሉ ወፎች ባንድ ጊዜ ተነሱ። ከዚያ ውሃው ከዛፎቹ ስር ብቅ አለ። ቡናማ ነው፤ አረፋ፣ ቅጠል፣ አረንጓዴ የኩሬ ሽፋን፣ የተሰባበረ እንጨት ከፊቱ እየገፋ ይመጣል። ድንጋዮቹን ዋጣቸው። ቅርንጫፉ ውስጥ ሲገባ ሳሎሜያ ብርዱ ከጉልበቷ ወደ ጭኗ፣ ከጭኗ ወደ ወገቧ ሲወጣ ተሰማት። የጥልቅ ኩሬ ብርድ ነው፤ የወራት ጥላ ያለበት።

«አሁን» አለ ባልታዛር።

ሳቡ። በሬዎቹ በጉልበታቸው ተንበርክከው ተነሱ። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረና አንዱ ተበጠሰ፤ ሁለት ሴቶች ውሃው ውስጥ ወደቁ፣ ተነሱ፣ መልሰው ያዙ። ጀልባዋ አቃሰተች እንጂ አልተነሳችም። ውሃው በጎኗ እያለፈ ወደ ትልቁ ወንዝ እየሄደ ነው፤ ሲያልፍ ደግሞ አይመለስም። ሳሎሜያ ጀርባዋን ለጀልባዋ ሰጥታ በእግሮቿ አሸዋውን ቆንጥጣ ገፋች። ከጎኗ ኢግናጺ ይገፋል፤ ፊቱ ጠቁሯል። የመንደሩ ክረምት በጎናቸው እየፈሰሰ ነው፤ ሌላ ምንም አላሰበችም።

ከሴቶቹ አንዷ በዓሉ ዕለት የሚዘመረውን መዝሙር ዝግ ባለ ድምፅ ጀመረች። ሌሎቹ ተቀበሏት። መዝሙር ሊባል እንኳ አይችልም፤ ትንፋሽ ባጠራቸው ሰዎች አፍ የሚቆራረጥ ነገር ነው። ግን ሁሉም በአንድ ቃል ላይ አብረው ሲስቡ ሳሎሜያ ከጀርባዋ ያለው ክብደት ሲለወጥ ተሰማት። ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ትከሻው እንደሚነሳ ዓይነት ነገር። ጀልባዋ ተነሳች። ስትሄድ ድምፅ አልነበራትም።

ኢግናጺ ገመድ አንጠልጥሎ ጀልባዋ ላይ ወጣ። ጀልባዋን ጥልቁ ውሃ ዳር አሰራት። ማንም በደስታ አልጮኸም። ሰዎቹ እርጥብ ልብሳቸውን እየጨመቁ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አሁን ያደረጉትን ሌላ ሰው ያደረገው ይመስል።

ስታርዛ ጣውላዎቹን መልሶ ሊመታ መዶሻ ሲያነሳ ኮንስታንጺያ ከወፍጮው ወርዳ መጣች። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል። በእጇ በበዓሉ ዕለት ቄስ የባረከላት የደረቀ የአበባና የስንዴ ዛላ እስር አለ፤ ዓመቱን ሙሉ በር ላይ ተሰቅሎ ቤት ይጠብቃል የሚሉት ነው። ጣውላውን ከፍ አድርጋ ከእንጨቱ እጅ አጠገብ ገለባው ውስጥ ሰካችው። ስታርዛ ያን ሁሉ መንገድ አቧራ እንኳ እንዳይገባ ሲከላከል የመጣ ሰው ነው። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ።

«ስማችሁን ንገሩኝ» አለ። «ይህ ነገር አልፎ ክራኮቭ ስመለስ ማን እንዳዳናቸው እናገራለሁ።»

«ስም አያስፈልግም» አለ ባልታዛር። «እኛ ምንም አላየንም። እናንተም በዚህ አላለፋችሁም።»

እንዳለውም አደረጉ። ጦርነቱ የጀመረው በዚያው ሳምንት ዓርብ ነው። መኸሩ ሳያልቅ አንድ የጀርመን መኮንን ፒያስኪ መጥቶ ትልልቅ ሳጥን የጫነች ጀልባ አይተው እንደሆነ ሲጠይቅ ባልታዛር ወደ ወንዙ እያመለከተ «በዚህ ውሃ ላይ ጌታዬ? ዳክዬ እንኳ በእግሯ ነው የምትሄደው» አለው። ሳጥኖቹን ጀርመኖች በኋላ ሌላ ቦታ አግኝተው ወሰዷቸው፤ ከጦርነቱ በኋላም ተመልሰው መጡ። ከፒያስኪ ግን ማንም አልተናገረም። ያን ክረምት መንደሩ በእጁ ሲፈጭ ከረመ፤ ሽማግሌዎቹ እንኳ ተራ ገብተው ፈጭተዋል፤ ቂጣው ሻካራ ነበር፤ ተበላ።

ይህ ሁሉ ገና አልመጣም። ያን ከሰዓት ጀልባዋ ከጠባቡ ቅርንጫፍ ወጥታ ትልቁን ወንዝ ስትይዝ ዳር የቆሙት ሰዎች እያነሱ ሄዱ። የግድቡ ቡናማ ውሃ ከነአረንጓዴ ሽፋኑ ለረጅም ጊዜ ከጀልባዋ ጋር አብሮ ተጓዘ።

«እነዚህ ሌሎቹስ?» ብላ ጠየቀች ሳሎሜያ ስታርዛን። «ሁሉም እንደሱ ናቸው?»

«ሁሉም» አለ። «እሷ ግን…» ብሎ ጀመረና ፊቱን ወደ ረጅሙ ሳጥን አዞረ።

ኢግናጺ ከጭራው ሆኖ መቅዘፊያውን እንድትይዝለት ጠራት። እሱ ጋ ለመድረስ በሳጥኖቹ መሀል ባለችው ጠባብ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለፍ አለባት። ሳሎሜያ አንድ እርምጃ ተራመደች። የእንጨት ጫማዋ ወለሉ ላይ ሲያንኳኳ ሰማችው።

ቆመች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ በእጇ ያዘችው፣ ሰው በተኛበት ቤት እንደሚሄድ ሰው በባዶ እግሯ ቀስ እያለች አለፈች።